ከማክሰኝት ወደ ኢየሩሳሌም

ከጐንደር ተነሥቶ አዘዞንና ጠዳን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚወርደውን መንገደኛ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ማክሰኝት ይቀበለዋል። ስሙ ከማክሰኞ ጋራ አንድ ነው፤ በዚያው ጐዳና ወደ ደቡብ ርቆ ሐሙሲት የሚባል ከተማ እንዳለ ሁሉ፣ ይህም በገበያ ቀን የተጠራ ከተማ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። የጐንደር ዙሪያ ወረዳ መቀመጫ ሲሆን፣ ወደ በለሳ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠለውም ከዚሁ ነው። በምዕራብ በኩል ሜዳው እየተንጣለለ ወደ ጣና ይወርዳል። እኛ በደረስንበት በታኅሣሥ ወር ጤፉ ታጭዶ ተከምሮ ነበር፤ ጥቁሩ መሬት የክረምቱን ውሃ በሆዱ ይዞ ስለ ቈየ ሽንብራው ያለ ዝናም አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል።

በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ በክልሉ ውጊያ ከተነሣ ወዲህ መንገደኛ በዚህ ጐዳና ሳይጠይቅ መውጣትን ትቷል። እኛም ከጐንደር ስንነሣ መንገዱ ደኅና መሆኑን ከሦስት ሰዎች አጣርተን ነው። ይህን የምናነሣው አንባቢን ለማስፈራት አይደለም፤ ነገር ግን ከዚህ በታች ስለ ረዥም መንገድ ስንጽፍ፣ ለማክሰኝት ሽማግሌ የመንገዱ ችግር ከባሕር ማዶ ሳይሆን ከደጁ እንደሚጀምር እንዲታወስልን ነው።

የጠሩን የቈየ ወዳጃችን ናቸው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት መምህር ሆነው አገልግለው በስድሳ ዓመታቸው ጡረታ ከወጡ እነሆ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። በቤታቸው ስንደርስ ባለቤታቸው ቡና እያፈሉ፣ አንድ ጡረታ የወጡ ድሬሰርና አንዲት ባላቸው የሞተባቸው የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ተቀምጠው አገኘን። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ስለ ነበረ በመካከላቸው የሽንብራ እሸት በሰፌድ ቀርቧል። ከሰፌዱ አጠገብ አንድ የተማሪ ደብተር ተዘርግቶ፣ በመምህሩ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ «የኢየሩሳሌም ጕዞ» የሚል ርእስ ተጽፎበት ነበር።

እኛ ሁለት ጊዜ ተሳልመናልና ምክር እንድንሰጥ ነው የተጠራነው።

ዕቅዳቸውን ሰማን። ለዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ለደብረ ዘይት እሑድ ኢየሩሳሌም ደርሰው፣ ያን ዕለት በራሱ በደብረ ዘይት ተራራ ላይ ቆመው ሊያስቀድሱ፣ ከዚያም ሆሳዕናንና ሕማማትን ትንሣኤንም በዚያው አሳልፈው፣ ዳግማ ትንሣኤን አክብረው ሊመለሱ ይፈልጋሉ። ይህ ሠላሳ አምስት ቀን ነው። የጕዞ ወኪሎች የሚያቀርቡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት የማይሞላ ነው። መምህሩ በደብተራቸው ሁለቱን ዐይነት ጕዞ ጐን ለጐን አስልተዋል፤ በአጭሩ ጕዞ ቤተ ልሔም፣ ናዝሬት፣ ቃና፣ ደብረ ታቦር፣ ጥብርያዶስ፣ ኢያሪኮ፣ ዮርዳኖስ ሁሉም ተደርድረው በአንዳንዱ ቀን ሦስት ቦታ ይታያል።

«ልጅ ብሆን ይህን እመርጥ ነበር» አሉ ድሬሰሩ፤ «እኔ ግን በየአራት ሰዓቱ መድኀኒት የምውጥ ሰው ነኝ።»

እኛም የተሰማንን ሳንደብቅ ተናገርን። በመጀመሪያው ጕዞአችን ሁሉን አይተን ተመልሰናል፤ ዛሬ ግን ቃናን ከናዝሬት ለይተን ለመናገር ያስቸግረናል፤ ከአውቶቡስ መውረድና ወደ አውቶቡስ መውጣት ብቻ በልባችን ቀርቷል። በሁለተኛው ጕዞ ከኢየሩሳሌም ብዙም ሳንርቅ፣ አንድ ቀን ወጥተን አንድ ቀን እያረፍን ሰነበትን፤ ያየነውን ሁሉ እስከ ዛሬ እናስታውሳለን። ስለዚህ ለሽማግሌ መንገደኛ ስንት ቦታ አየህ ከማለት ይልቅ ስንት ቀን ዐረፍህ ብሎ መጠየቅ ይሻላል እንላለን። ቀኑን ማስረዘም የማይቻል ቢሆን እንኳ ቦታውን መቀነስ ይቻላልና።

ማክሰኝት ላይ ተቀምጦ ኢየሩሳሌምን የሚያስብ ሰው አገሩ ሰፊ ይመስለዋል፤ በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ይህን ያህል ነገር የተደረገበት አገር ጠባብ ይሆናል ብሎ ማን ይገምታል? የእስራኤል ምድር በጠቅላላው ጣናችን ሰባት ጊዜ ቢደረደር የሚሸፍነውን ያህል ቢሆን ነው። በዚያ ላይ አሥር ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖርበታል። በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ደግሞ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በዚህ ውስጥ የክርስቲያኑ፣ የእስላሙ፣ የአይሁዱና የአርመኑ ሰፈር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ይኖራሉ። መንገዱ ደረጃ ነው፤ ድንጋዩም ከብዙ ዘመን እግር የተነሣ ልሞ ያንሸራትታል። ነጋዴው ከግራ ከቀኝ ይጠራል፤ ጋሪ ገፊው ከኋላ ይጮኻል። በትንሣኤ ሰሞን ከግሪክ፣ ከሩሲያ፣ ከግብፅና ከሕንድ የመጣ ምእመን ሲጨመርበት፣ ከጐንደር ጥምቀት በቀር እንዲህ ያለ ግፊያ ያላየ ሰው መላው ይጠፋዋል። በጐንደር ጥምቀት ግን ቢጠፉ እንኳ የሚጠይቁት ሁሉ ቋንቋዎን ያውቃል።

ደብረ ሥልጣንን ሲያዩ የብዙዎቹ ተሳላሚዎች ልብ ይነካል፤ የእኛም ተነክቷል። ከጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን አደባባይ በአንዲት ትንሽ በር ገብተው፣ የቅዱስ ሚካኤልን ቤተ ጸሎት አልፈው፣ በጠባብ ደረጃ ወደ አርባዕቱ እንስሳ ይወጣሉ፤ ከዚያ ብቅ ሲሉ በጣሪያ ላይ ናቸው። ከእግር በታች የቅድስት እሌኒ ቤተ ጸሎት አለ፤ የእርሱ ጕልላት በግቢው መካከል ብቅ ብሎ ይታያል። ዙሪያውን የመነኮሳቱ ዝቅተኛ ክፍሎች ተጠጋግተው ቆመዋል። በ1830 ዓ.ም. በከተማይቱ ወረርሽኝ ገብቶ በዚያ የነበሩት መነኮሳት አልቀዋል፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ቦታው ባለቤትነት ከግብፃውያን ጋራ የቈየው ክርክር እስከ ዘመናችን አልተቈረጠም። በቅዳሜ ሹር ማታ በዚያ ጣሪያ ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ካህናቱ በከበሮና በጽናጽል ጕልላቱን ይዞራሉ። ይህን ለማየት ነው ሰው ከማክሰኝት በሬውን ሸጦ የሚሄደው፤ አንፈርድበትም።

ነገር ግን በዚያችው ቅዳሜ ያጋጠመንን ለእነዚህ ወዳጆቻችን እንደ ነገርናቸው ለአንባብያንም እንነግራለን።

በመጀመሪያው ጕዞአችን ከእኛ ጋራ አንዲት የእንፍራንዝ እናት ነበሩ፤ ዕድሜአቸው ከሰባ በላይ ነው። ቅዳሜ ጧት ብርሃኑ ከመውጣቱ በፊት ወደ ጎልጎታ ለመግባት ስንጋፋ፣ ፖሊስ መንገዱን በብረት አጥሮ ሕዝቡን በየክፍሉ ይለቅ ስለ ነበረ፣ ከፊላችን አለፍን፣ ከፊላችን ቀረን። የመራን አስጎብኚ ይህ እንደሚሆን አስቀድሞ አልነገረንም፤ ብንለያይ የት እንገናኝ የሚል ቃልም አልነበረንም። ሁላችንም ነጭ ለብሰናል፤ በነጭ ለባሽ መካከል ነጭ ለባሽ እንዴት ይፈለጋል? ከቀትር በኋላ ስንቈጠር አንድ ጐደልን። እርሳቸው ስልክ የላቸውም፤ ያደርንበትን ቤት ስም አያውቁም፤ የመንገዱን ስም የጻፈላቸውም የለም። ያን የትንሣኤ ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፍነው አሁንም ስናስበው ያስጨንቀናል።

እርሳቸው ግን በደማስቆ በር ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ፣ አንዲት በሻሽ የተሸፈኑ ሴት አጠገባቸው ቆመው «እናቴ፣ ምን ሆኑ?» አሏቸው፤ በጥርት ያለ በጐንደር አማርኛ። ሴትዮዋ ቤተ እስራኤል ናቸው፤ በበለሳ ተወልደው በ1977 ዓ.ም. ገና ልጅ ሳሉ ከወላጆቻቸው ጋራ በእግር ወደ ሱዳን ወርደው፣ ከዚያ በአውሮፕላን የተወሰዱ። ዕለቱ ሰንበታቸው ስለ ሆነ ወደ ምዕራቡ ግንብ ለጸሎት በእግራቸው እየሄዱ ነበር። ስልክ በሰንበት አይነኩም፤ በመኪናም አይሄዱም። ስለዚህ ጸሎታቸውን ትተው፣ እናታችንን እጃቸውን ይዘው፣ እያሳረፉ እያስቀመጡ፣ ከአሮጌው ከተማ ውጭ በኢትዮጵያ ጐዳና እስካለው እስከ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ድረስ በእግር አደረሷቸው። ያ ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ዮሐንስ ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመ ነው፤ ሴትዮዋም «ሐበሻ የጠፋው እንደ ሆነ የሚፈለገው እዚህ ነው» ብለው ነገሯቸው። ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል በቅጽሩ ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ሁለቱ ሴቶች መንገዱን ሁሉ ስለ ማክሰኝት ገበያ ሲጫወቱ ነበር የሄዱት፤ የሴትዮዋ አባት ማረሻና ማጭድ እየሠሩ በዚያ ገበያ ይሸጡ ነበርና።

ይህን ስንናገር የነጭ ሽንኩርት ነጋዴዋ፣ «የማን ልጅ ትሆን?» ብለው ጠየቁ። አላወቅንላቸውም። እርሳቸው ግን በለሳ ያውቋቸው የነበሩትን ባለ እጆች በስም መቍጠር ጀመሩ፤ መምህሩም ደብተራቸውን ዘግተው ይሰሙ ነበር። ከእነዚያ ቤተ ሰቦች የቀሩት በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሠላሳ ስድስት ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወሰድ ሄደዋል፤ ከዚያም በኋላ የሄዱ አሉ። ለጐንደር ሽማግሌ እንግድነት የሚሰማው በዚያ አገር፣ እንዲህ ያለ ጎረቤት ድንገት ከሕዝብ መካከል ይወጣል። ይህን ተስፋ አድርጎ ያለ አድራሻ መውጣት ግን አይገባም።

ከዚያ በኋላ ድሬሰሩ ደብተሩን ወስደው ራሳቸው ይጽፉ ጀመር። እያንዳንዱ ሰው ስሙንና የሚያድርበትን ቤት፣ የመሪውንም ስልክ ቍጥር በአማርኛና በዕብራይስጥ በዐረብኛም አስጽፎ ከመስቀሉ ጋራ በአንገቱ ያንጠለጥል። ከነጠላው ጥለት ላይ ሁሉም አንድ ዐይነት ቀይ ጨርቅ ይስፋ። መድኀኒት እኩሌታው በእጅ ቦርሳ፣ እኩሌታው በሻንጣ ይሁን፤ የሐኪሙም ወረቀት አብሮ ይያዝ። የስኳር ወይም የደም ግፊት በሽታ ያለበት በሕማማት እንዴት እንደሚጾም ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋራ ከመነሣቱ በፊት ይነጋገር፤ በዚያ ግፊያ መካከል ራሱን ስቶ ከወደቀ በኋላ የሚሰጥ ምክር አይጠቅመውምና። ወደ ዮርዳኖስ የሚወርዱበት ቀን ለብቻው ይሁን፤ ከኢየሩሳሌም እስከዚያ ከሺሕ ሜትር በላይ ቍልቍለት ነው፤ የጨው ባሕር ዳርቻ ከባሕር ወለል በታች ከ400 ሜትር የሚበልጥ ስለ ሆነ ለደጋ ሰው ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። የዮርዳኖስ ዳርቻ ለብዙ ዓመታት በፈንጂ ታጥሮ ቈይቶ በ2003 ዓ.ም. ለተሳላሚ ሁሉ የተከፈተ ነው፤ ከተፈቀደው መንገድ መውጣት የለም። ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ አውቶቡስ ስለሚቆም ውሃና ዳቦ ዓርብ ቀትር ላይ ይገዛ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ አጥብቀን ተናገርን። በአውሮፕላን ማረፊያው፣ «ሻንጣህን ማን አሰረው? ሰው አድርስልኝ ብሎ የሰጠህ ዕቃ አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። የእኛ ሰው ደግሞ ለጎረቤት ዘመድ በርበሬና ሽሮ ይዞ መሄድን እንደ ምግባር ይቈጥረዋል፤ ምግባርም ነው። ሆኖም ውስጡን ያላየኸውን የተሰፋ ከረጢት ተሸክመህ ይህን ጥያቄ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ የሚላከው ሁሉ በተሸካሚው ፊት ተፈትቶ፣ ታይቶ፣ ተመልሶ ይታሰር አልን። የመምህሩ ባለቤት በዚህ ምክር አልተደሰቱም፤ «የሰው ዕቃ መበርበር ነውር አይደለም ወይ?» አሉን።

የገንዘቡ ነገር በመጨረሻ ተነሣ፤ ሁሉም ያውቁት ስለ ነበረ ማንም ቀድሞ ሊያነሣው አልወደደም። መምህሩ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ፣ ከጡረታቸው ጥቂት፣ ከእርሻ ድርሻቸው ከሚያገኙት ሽንብራ ጥቂት እየጨመሩ ለሁለት ሰው ጕዞ የሚበቃ ገንዘብ አጠራቅመው ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። የአውሮፕላኑ ዋጋና የማደሪያው ኪራይ የሚታሰበው በዶላር ነው። በባንክ የተቀመጠው ብር አልጐደለም፤ የሁለት ሰው የነበረው ግን የአንድ ሰው ሆነ። ነጋዴዋማ ጡረታም የላቸውም፤ በ1955 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ ዐዋጅ የመንግሥት ሠራተኛን እንጂ ገበሬንና ገበያተኛን አላሰበም፤ እርሳቸው የሚሄዱት ልጃቸው በሚልከው ነው።

«ስለቱ የርስዋ ነው» አሉ መምህሩ ወደ ባለቤታቸው እያዩ። የመጀመሪያ ልጃቸው በታመመ ጊዜ ተስለው ኖሯል፤ ልጁ ድኖ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው። «ርስዋ ትሂድ። እኔ ካርታውን ይዤ እዚህ ሆኜ በየቀኑ የት እንደ ደረሰች አያለሁ።»

«ጕልበቴን የምታውቀው አንተ ነህ» አሉ እርሳቸው። «ያንን ሁሉ ደረጃ ማን እጄን ይዞ ያወጣኛል? ይልቅ እርሱ ይሂድና ለኔም ይሳለምልኝ።»

እኛ ሁለቱንም አልደገፍንም። አንድ ዓመት ቈይተው አብረው ቢሄዱ፣ ያውም በትንሣኤ ግፊያ ሳይሆን በጥር ለጥምቀት ዮርዳኖስ ቢወርዱ ይሻላል አልን፤ በዚያ ጊዜ ሕዝቡ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ለሽማግሌ ይስማማል። ድሬሰሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትንሣኤን ሳያዩ ኢየሩሳሌምን አየሁ ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ። ነጋዴዋም አብረዋቸው ሆኑ። ወይዘሮዋ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የዛሬ ዓመት ጕልበቴ አብሮኝ ይኖራል ወይ?» ብለው ጠየቁን። ለዚህ መልስ አልነበረንም፤ አንድ ዓመት ማለት ለእኛ የተናገርነውን ያህል አጭር፣ ለእርሳቸው ደግሞ ሌላ ነገር እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባን።

መጠበቅም ቢሆን የራሱ አደጋ እንዳለው አልካድንም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተዘግቶ ነበር፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዚያ አገር ጦርነት ተነሥቶ የተሳላሚው ቍጥር አነሰ። ከዚህም የተነሣ፣ ጕዞው በሰው ሠራሽ ወይም በሌላ ምክንያት ቢቀር ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ በውል ላይ ካልተጻፈ፣ ወኪሉ የቱንም ያህል መልካም ሰው ቢሆን አንድ ብር እንዳይከፍሉ ነገርናቸው። መምህሩ ይህንን በቀይ ቀለም ጻፉት።

ስለ ጥንቱ መንገድ እርሳቸው ነበሩ ያነሡት። ከጐንደር ተነሥተው በእግር ወደ ምጽዋ ወርደው፣ ከዚያ በመርከብ፣ ወይም በሱዳንና በግብፅ በረሃ በኩል፣ ወራት ፈጅተው የሄዱ አባቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ አልተመለሱም። ከ1940 እስከ 1959 ዓ.ም. ደግሞ ከተማይቱ በሁለት መንግሥታት ተከፍላ ደብረ ሥልጣን በዮርዳኖስ በኩል፣ ደብረ ገነት በእስራኤል በኩል ቀርተው ነበር። «እነርሱ ወራት ተጕዘዋል፤ እኛ ከቦሌ አራት ሰዓት ተቀምጠን እንደክማለን» ብለው ሳቁ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከማክሰኝት እስከ ቦሌ ያለውን 700 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አልቈጠሩትም። እርሱንም ከአዘዞ በአውሮፕላን እንዲያደርጉት መክረን፣ ዋጋውን በደብተሩ ጨመርንበት፤ ድምሩም እንደ ገና ከፍ አለ።

ውሳኔውን ከገና በኋላ እንዲያደርጉት ተስማምተው ተነሣን። ወይዘሮዋ እስከ አውቶቡሱ መቆሚያ ሸኙን። ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ሆኖም አላረፉም። ዘወትር ጧት ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሲመለሱ መንገዱን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያስረዘሙ መሆናቸውን በዚያ ጊዜ ነገሩን፤ ለባላቸው ገና አልነገሯቸውም።

አውቶቡሱ ሲመጣ ከነጠላቸው ሥር አፉ የተሰፋ ትንሽ ከረጢት አውጥተው፣ በጐንደር ለሚኖረው ልጃቸው እንድናደርስ ሰጡን። ተቀበልን፤ ከዚያ የተናገርነው ትዝ አለንና ከረጢቱን ይዘን ቆመን ቀረን። እርሳቸውም ፊታችንን አይተው ሳቁ፤ ከረጢቱን መልሰው ወስደው በጥርሳቸው ክሩን በጠሱና ከፍተው አሳዩን። ሽንብራ ነበር፤ በላዩም አራት ራስ ነጭ ሽንኩርት።